ሚዛን ፈታሹ

ቂርያት ጋት፣ ካሮት በሚታሸግበት፣
የእኔ ሥራ ሚዛን ነው፤ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣበት፣
የታወቀ ብረት፣ አንድ ኪሎ ልክ፣
እጭንና አያለሁ፣ ቁጥሩ ቦታው ላይ እስኪል ልክክ።

አምና አንዱ ጉድ ሠራን። ሺህ ጊዜ ብትጭንበት ሺህ ጊዜ ያው፦
ዘጠኝ መቶ ግራም። አይዋዥቅም፤ ሰው ሁሉ አመነው።
ያለውን እያሳነሰ፣ ስንት ሳምንት በአንድ ቃል ማለ።
የማይናወጥ ነገር እውነት ይመስላል፤
ውሸትም ቃሉ ካልተለዋወጠ ምስክር ይባላል።

ትናንት ከልጄ ትምህርት ቤት ተጠራሁ።
አማካሪዋ ኢሪት ወረቀት ዘረጋች፣
ወጣ ገባ የሚል ቀይ መስመር በጣቷ እያሳየች፦
«ኖፋር ዝምተኛ ናት፣ ቁጥብ፤ የመሪነት ነጥቧ ዝቅተኛ።
ፈተናው አስተማማኝ ነው፤ በሁለት ወር ልዩነት
ሁለቴ ተቀምጣ፣ ውጤቱ ያው» አለችኝ።
ዘጠኝ መቶ ግራም ትዝ አለኝ።

እስቲ ጥያቄውን አልኩ። ቁጥር አሥራ አራት፦
«ታላላቆች ባሉበት ሐሳቤን በነጻነት እናገራለሁ።»
ልጄ «ፈጽሞ» ላይ አክብባለች። ማን እንዳስተማራት አውቃለሁ።
እንግዳ ሲገባ ተነሺ፣ ሲያወራ አድምጪ፣ ዓይንሽን ዝቅ፣
ያልኳት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ ጨዋን ከፈሪ አይለይ፣ አያውቅ።
«ስሜቴን ለሰው እገልጣለሁ» ከሚለው ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣
በእርሳስ፣ በደቃቅ ዕብራይስጥ፣ «ለማን?» ብላ ጽፋለች።
ማሽን ኅዳግ አያነብም፤ ጥያቄዋ እዚያው ቀርታለች።

ያችው ዝምተኛ፣ በኩፓት ሆሊም ወረፋ ላይ፣
የጎረቤታችን የጋሽ ብርሌው ቁጥር ሲዘለል ብታይ፣
መስኮቱን በጣቷ መትታ፣ ያዳራሹ ሰው እስኪዞር፣
«ተራው የእሳቸው ነው» ብላለች፤ ይህ በየትኛው ነጥብ ይሠፈር?

በተሰባበረ ዕብራይስጤ ጠየቅኋት፦
«ይህን ሚዛን ስትፈትሹ፣
የታወቀው ብረት የማን ልጅ ነበር?»
ኢሪት ሣቅ አለች። ከዚያ ሣቋን ተወች።
«አላውቅም» አለች፤ ይህንንም በእርሳስ ጻፈች።

ስንወጣ፣ «ምነው አንድ ቃል እንኳ» አልኳት፣ «ስላንቺ ሲወራ?»
«አባዬ፣ አንተ ባለህበት?» አለች፣ ኮፍያዋን ወደ ኋላ አዙራ።

ዛሬ ማለዳ ብረቱን ጫንኩ። ልክ ነው።
አነሣሁትና ዜሮው ላይ ዓይኔን ተከልኩ፤
አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያቺን ልጅ
በዝምታዋ ስመዝን ኖርኩ።
እኔንስ ማን ፈተሸኝ?

ሞተሩ ተነሣ። ካሮቱ መጣ።