ጥሎ አደረ

በአሥር ተሩብ ሌሊት ስልኬ ተነዘረ፤
«ነይ» ይላል መልእክቱ፤ «በረዶ ጥሎ አደረ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ስንጠብቅ፣
ግራጫ፣ የሾለ፣ ጫማ የሚቦጭቅ፣
ወንበሮቹ ባዶ፣ ነፋስ ሲያወዛውዛቸው፣
ሽቦው ሲያቃስት እንጂ ሰው አልነበረባቸው።
ጥሎ ካልተገኘ የቀን ምንዳ የለም፤
ሰማዩ ነው አለቃ፣ ቢጮኹበት አይሰማም።

ከቅርያት ሽሞና ሚኒባሱ ሲወጣ
ጆሮዬ ድው ይላል፣ ጨለማው ሳይነጣ።
ከአሽዶድ፣ ከነታንያ በሌሊት የተነሡ
መኪኖች ከበሩ ቀድመውን ደረሱ፤
ልጆች በፒጃማ፣ ካፖርት ደርበው፣
መስኮቱን በትንፋሽ አደብዝዘው፣ ጠርገው።

የኔ ቦታ ጫማ መለወጫው ነው።
«ስንት ቁጥር?» እላለሁ። ሰው ስለ እግሩ ይዋሻል፤
አርባ አንድ ይልና አርባ ሦስት ይሻል።
ሙቁን ጫማ ሰጥቶኝ፣ ወዙ ያልደረቀ፣
በፕላስቲክ ቡት እንደ ዳክዬ ዘለቀ።
ከኋላዬ መደርደሪያ፣ ጎን ለጎን ተኮልኩሎ፣
የዳኛው ከሙሽራው፣ የሾፌሩ ከሐኪሙ፣
አገር ሙሉ ቆሞልኛል፣ ባለቤቱን ጥሎ።

በስተግራ ያለው ሜዳ የጀማሪ ነው፤ እዚያ ሁሉም ይወድቃል፤
ወድቆ ግን ይስቃል።
ላይኛው ቁልቁለት የሚያውቁት ነው፣ ቀጥ ያለ፤
ሦስት አራት ሰው ብቻ እንደ መርፌ ሲሰፋው ዋለ።
ከዚያ በላይ ሽቦ፣ ከሽቦው ወዲያ ወታደር፤
ወዲያ የሚንሸራተት ነፋስ ነው፤ ሰው አይሻገር።
ሾርባው ውድ ነው። መጸዳጃው ሰልፍ ነው።
«ስሌዱ ሲሰጡኝም የተሰነጠቀ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም።

ዛሬ ግን አባቴን ይዤው መጥቻለሁ።
«በረዶ ነው እንጀራዬ» ስለው
ስድስት ክረምት ሙሉ እንደ ቀበጠች ልጅ ሲያየኝ ኖረ፤
በረዶን ያውቀዋላ፦
ገብሱ እሸት ሳለ፣ በአንድ ከሰዓት፣
እንደ ጠጠር ወርዶ፣ ዓይኑ እያየ ማሳውን የቀጠቀጠ።
ከዚያ ወዲያ ዕዳ፣ ከዚያ ወዲያ ብድር፣
በሬ ተሸጦ እንኳ ያላለቀ ነገር።

መስኮቱ ጋ ቆሞ ሰልፉን አየ።
«ከፍለው ነው?»
«አዎ፣ አባ።»
«ለበረዶ?»
«ለበረዶ።»
«ይዘውት ይሄዳሉ?»

አንዳንዱ ይወስዳል። በመኪናው አፍንጫ ላይ ክቦ፣
ሰው አስመስሎ፣ ካሮት ሰክቶ፤
ነታንያ ሳይደርስ ካሮቱ ብቻ ይቀራል፣ ውሃ ላይ ተኝቶ።

ናይፍ፣ የመጅደል ሻምሱ፣ ወንበር አሳፋሪው፣
«ና፣ አጎቴ» አለና
ብርድ ልብስ ደረበለት፣ ከዘራውን ቀምቶ፤
ብረቱን ዘጋበት፣ ወንበሩን በጉልበቱ ገትቶ።
ወጣ። ከሰው ራስ በላይ ቡኒ ጫማው ተንጠልጥሎ፤
በዚያን ዕለት እኔ ያልተቀበልኩት ጫማ
እሱ ብቻ ነበር።

ሰዓት አለፈ። ጭጋግ ወረደ፤ ላይኛውን ምሰሶ ዋጠ።
እኔ ቁጥር ስጠራ፣ ልቤ እዚያ ተቀመጠ።

ተመልሶ መጣ፣ ጢሙ ነጭ በነጭ ላይ፣
ጓንቱን ጨብጦ። ሰልፉን ጥሶ፣ ማንም ሲያጉረመርም ሳይሰማ፣
ጭብጡን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው።
«ይህ በረዶ አይደለም፣ አትጠገብ» አለኝ።
«በረዶ ድምፅ አለው። ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ሰው ያስጮኻል።
ይኼኛው ትከሻዬ ላይ ሲቀመጥ
መምጣቱንም አላወቅሁ።
አመዳይ በይው።
ስሙን አታጥፊ።»

ወዲያው ቀለጠ። በመዝገቤ ላይ ፈሰሰ፤
የዛሬን አርባ አንዶች በሙሉ አራሰ።
ቀጣዩ ሰው ቆሟል።
«ስንት ቁጥር?»
«አርባ አንድ።»
አርባ ሦስት አነሣሁ።