ብልቃጥ አጣቢው ስለ ዶክተር ሶኮሮ

ሊዮን ላይ ሲነጋ ሙቀት እንደ ከበሮ
ግንባር ይደልቃል ከጣሪያው ቆርቆሮ፤
ተማሪው ደብተሩን ማራገቢያ አድርጎ
ይጠብቃል፣ ከመስኮት ነፋስ ፈልጎ።
እኔ ብልቃጥ አጣቢው፣ ዲግሪ የሌለው ስሜ፣
ሃያ ዓመት ሰማኋት ከኋላ በር ቆሜ።

ክኒን ታነሣለች፣ ነጭ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ።
«ይሄ ምንድን ነው?»
ይሃይራ፣ ቀለሜዋ፣ ከፊት ወንበር ቀድማ፦
«ሕመም ማስታገሻ።»
«ለማን?»
ዝም።
«ለማን ነው የምልሽ! ጥላ ሥር ለተቀመጠ፣
ውሃውን እስኪበቃው ለጠጣ?
ወይስ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ
ጎንበስ ብሎ ሸንኮራ ለቆረጠ፣
ላቡ ሸሚዙ ላይ ጨው ሆኖ ለረጋ፣
ለቀትር አንድ፣ ለማታ ሁለት ለዋጠ፣
ወገቡ እንዲዘረጋ፣ ነገም እንዲነጋ?
የመድኃኒት ስም ግማሽ ቃል ነው» ትል ነበር፤
«ሌላው ግማሽ የሚውጠው ሰው፣ የሚውልበት አገር።»

ቅዳሜ ሳይነጋ አውቶቡስ ትከራያለች፣
ከኪሷ፤ ተማሪውን ሸንኮራው መሃል ታወርዳለች።
ገጀራ ታድላለች። «አንድ ሰዓት ብቻ ቁረጡ፣
ከዚያ ሚዛኑ ላይ ውጡ።»
ዊልበር፣ የሐኪም ልጅ፣ ኪሎ ተኩል ጎድሎ ወረደ፤
መዳፉ ተልጦ፣ ምራቁ ደርቆ፣ ምላሱ ከበደ።
«አሁን ጀርባህን ሲያምህ ምን ትውጣለህ?» አለችው።
እጁ ወደ ኪሱ ሄደ።
ያን ቀን ማንም ማስታወሻ አልወሰደ።

በመንደሩ በሽታው የራሱ ስም የለውም።
«ክሬያቲኒን ያዘው» ይላሉ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው፣
የደም ምርመራውን ቁጥር እንደ ጋኔን ስም እየጠሩ።
እሷ ሰሌዳው ላይ «መንስኤ» ብላ ጻፈች፣ ከሥሩም፦
ሙቀት? ጥማት? ክኒኑ? የጉድጓዱ ውሃ? የአረም መርዙ?
ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ።
«ዐሥራ አንድ ዓመት ሽንት ሰበሰብኩ፤
ሁሉንም እጠረጥራለሁ፣ አንዱንም አላውቅም።
ጻፉት። ፈተና ላይ ይመጣል።»
«‹አላውቅም› የሚለው?» አለች ይሃይራ።
«አዎ። ነጥብ አለው።»

እናቴ ከዳዊት ስታነብ እሰማ ነበር፦
ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን
መርማሪው አንድ ነው።
ዶክተር ሶኮሮ አልተከራከረችም፤
እሷ የምትፈልገው ኩላሊት ያጣራውን ነው፣
ማጣራት ያቃተውንም፤
በር በር እያንኳኳች፣ ብልቃጥ ይዛ፣ እንደ ለማኝ።

ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ወንድሜ ነው።
ኤውሴቢዮ። በሠላሳ አራት ዓመቱ።
መብራት በጠፋ ሌሊት ሁሉ በብስክሌት የምበረው፣
በረዶ በጆንያ አዝዬ፣ ዘበኛውን ቀስቅሼ፣
ለሳይንስ ነው ይላሉ። ይበሉ።
በቀትር ቀዝቃዛ ውሃ ሳይቀምስ የሞተውን ሰው
ከዜሮ በታች ሰማንያ ላይ አስቀመጥነው።
አገሩ ሁሉ ሲነድ
የእሱ ሽንት ብቻ በረዶ።

ባለፈው ሰኞ ቢሮዋ ጠራችኝ። ወንበር ሰጠችኝ፤
ሃያ ዓመት ወንበር ሰጥታኝ አታውቅም።
«አዲስ ምርመራ መጥቷል። የመጨረሻዋን ጠብታ ይፈልጋል።
ከዚያ በኋላ ምንም አይተርፍም።
አንተ እንቢ ካልክ አልነካትም።»
አፌን ሳላስበው ከፈትኩ፣
ከኋላ በር የለመድኩትን ቃል፦
«ለማን?»

መነጽሯን አወለቀች። ማራገቢያው ሲዞር ሰማነው።
በጭሱ ወደ ጠቆረው ሰማይ፣ ወደ ሸንኮራው አየች፣
«አላውቅም» አለች።

ማቀዝቀዣውን ራሴ ከፈትኩ።

ማታ ብልቃጡ ባዶውን ወደ እኔ መጣ።
አጠብኩት። ሦስት ጊዜ፣ እንደ ደንቡ።
ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ያለ ደንቡ።