ከቃለ ጉባኤ የቀረ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሐዋሳ፣ ከመድረኩ ሥር፣
ከአፈ ጉባኤው በስተግራ፣ ከጠባቧ ወንበር፣
የተባለውን ነው እኔ ስጽፍ የኖርሁ፤
ያልተባለውንም በጆሮዬ ሰማሁ።
ደንቡ እንዲህ ይላል፦ «ጸሐፊ አይጨምር፣
ጸሐፊ አይቀንስ፣ ጸሐፊ አይማረር።»
ለሳቅ ቅንፍ አለ፣ ለጭብጨባም ቅንፍ፤
ለእንባ አልተሠራም፤ እሱ ዝም ብሎ ይለፍ።

ዛሬ ብዕሩ የኔ፣ ወረቀቱም የራሴ፤
ለላንቃሞ ቡሹራ ልክፈት አንድ ቅንፍ ከኪሴ።

መጀመሪያ የመጣ ለት፣ ሰፊ ኮት ለብሶ፣
የታላቅ ወንድሙን፣ ትከሻው አንሶ፣
«ክቡር አፈ ጉባኤ…» ብሎ ቆሞ ቀረ፤
ቃሉ ከጉሮሮው ወርዶ ተቀበረ።
«ማይኩ አይሠራም» አለ። ማይኩ ይሠራ ነበር።
አዳራሹ ፈነዳ ከዳር እስከ ዳር።
(ሳቅ) ብዬ ጻፍሁ። የዚያ ሰው የመጀመሪያ ንግግር
መዝገብ ቤት ያለው ይኸው ነው፤ የለውም ሌላ ነገር።

ሁለት ዓመት ዝም አለ። ዝም ብሎ አነበበ፤
ሌላው ሻይ ሲጠጣ እሱ ንዑስ አንቀጽ አለበ።

በሦስተኛው ዓመት የሐይቁ ረቂቅ መጣ፤
ቆሮሶ ሳያድግ በመረብ እየወጣ፣
አሞራ ገደል ላይ የሚሸጠው ዓሣ
ከመዳፍ አንሶ ነበር፣ ሐይቁም ሲሳሳ።
አንቀጽ ዘጠኝ አለ፦ «ቢሮው መረቡን
መቆጣጠር ይችላል።» ላንቃሞ እጁን
አነሣ። ማይኩ ሠራ።
«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አለኝ አንድ አደራ፤
ʻይችላልʼ የሚል ሕግ እኔ አላውቅበትም፤
መቆጣጠር የሚችል ይችላል አለመቆጣጠርም።
የከብቴ ጠባቂ ʻመጠበቅ እችላለሁʼ
ቢለኝ፣ ማታ በረቱን ባዶ አገኘዋለሁ።
ʻይቆጣጠራልʼ ይባል። ከዚህች ቃል በቀር
የቆሮሶ ልጅ የለውም ጠበቃ፣ የለውም አጥር።»

ድምፅ ተሰጠ። ሐሳቡን የደገፈ፦ አንድ።
ያም ራሱ ነበር። እንደ ብቸኛ ግንድ
ቆመ እጁ በአየር ላይ፤ ቆጣሪው ዐይቶ አለፈ፤
የኔ ብዕር ብቻ «፩» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ፣ የበጀት ወር ጠብቆ፣
ያቺን ቃል ይዟት መጣ፣ ከኪሱ ደብቆ፤
ስለ መንገድ ሲወራ፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍ፣
«አንቀጽ ዘጠኝ…» ይላል፣ ከወረፋው ጫፍ።
«ከርእስ አይውጡ!»
ይላል አፈ ጉባኤው። ወጣቶቹ ሲመጡ
«አቶ ይችላል» ብለው ስም አወጡለት፤
እሱ ራሱ ሳቀ፤ ቅንፍ ከፈትሁለት።

ጻድቅ ነው አልልም። አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣
ከታቦር ግርጌ ያሉ ቤቶች እንዲነሡ በክረምት
ውሳኔ ሲቀርብ፣ ሁሉም እጁን ሲሰቅል፣
የሱም ወጣች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሰነፍ ተክል።
«በሙሉ ድምፅ» ጻፍሁ። በእረፍት መጣ ከጎኔ፤
«ያን እጅ ጽፈሽዋል?» «አዎ» አልሁት፣ «እኔ
የምጽፈው ቁጥር ነው።»
«እጄ መክበዱንስ? የት ጋ ነው የሚጻፍ?»
ዝም አልሁት። ለክብደት አልተሠራም ቅንፍ።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ ማን እንዳነሣት እንጃ፣
«ይቆጣጠራል» ሆነች፤ ያለ ሙግት፣ ያለ ማስረጃ።
ከስልሳ አንቀጽ ጋር አብራ ነው ያለፈችው፤
ማንም ስሙን አልጠራም፤ እሱም አልጠበቀው።
ያን ቀን አልተናገረም። ብቻ በመስኮት ዐየ
ሐይቁን፤ (ዝምታ) ብዬ ልጽፍ እጄ ዘገየ።

ሲሰናበት የግድግዳ ሰዓት ሰጡት፣ የምስክር ወረቀት፤
ስሙን ግን የጻፉት በአንድ ፊደል ስሕተት።
«ይታረም?» ቢሉት «ይችላል» አለና ሳቀ፤
እኔ ብቻ ሳቅሁ አብሬው፤ ሌላው ምኑን ዐወቀ።

ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል አገኘሁት፤
አባ ኮዳዎቹ፣ ራሰ በራ፣ ባለ ግራጫ ኮት፣
እንደ ቋሚ ኮሚቴ ተሰይመው ከበውት፣
ከአንድ ልጅ መረብ ውስጥ ጣቱን አስገባና
ቀዳዳውን ለካ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀና።
ልጁ ቱግ አለበት፦ «ሦስት ጣት ነው ሕጉ!
ሕግ አያውቁም እንዴ? ካልገዙ ሌላ ይፈልጉ!»
«አላውቅም፣ ንገረኝ» አለው። ከድንጋዩ ቁጭ አለ።
ልጁም አስረዳው፣ ጣቱን እየከተተ፣ እየማለ።

ደብተር አልያዝሁም። በዓሣው መጠቅለያ ጋዜጣ
ጠርዝ ላይ ቅንፍ ከፈትሁ፤ ቃል ግን አልመጣ።
ሳልዘጋው ተውሁት።