የኦድቫር መዝገብ

ጥቅምት ነው፤ ኡትሲራ ደሴት ባሕሩ ሲያጓራ፣
ሌሊቱን በሙሉ የኦድቫር አምፖል በራ።
ጎህ ሲቀድ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ገለጠ፤
የእንቁላል ካርቶኑን አነሣ፣ ትንፋሹን ዋጠ፤
ገለባ መሳይ ክንፍ።

የእሳት እራት ናት፤ ከሞሮኮ ዳር
እሳት ሳይበላት፣ ሳይውጣት ባሕር፣
በነፋስ የመጣች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ሲጠብቃት፣ ሲስቁ ጎረቤቶች ሁሉ፣
«ለብል እንቅልፍ ማጣት!» እያሉ።

ከካቡ ላይ አኖራት፣ ካሜራውን ሊያመጣ፤
መንገድ የሳተ ወፍ ከቁጥቋጦው ወጣ፣
ቅንድቡም ወገቡም ቢጫ፣ የሳይቤሪያ፣ ከደብዳቤ የቀለለ፤
ዋጣት። ምንቃሩን በድንጋዩ ጠረገና እዚያው አለ።

እሱንም ኦድቫር በዓይኑ አይቶ አያውቅም።
መናደድ? መደሰት? አልለየለትም።
በደነዘዘ ጣት ፈልጎ እርሳስ
ጻፈ በአንድ መስመር፦
«የእሳት እራት፣ አንዲት። የእንግዳ ቁርስ።»