ጉሮሮ አንድ ነው

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤት ዝቅ ብሎ ካለው፣
መስታወቱ ጥግ ጥጉን ከተሸራረፈው፣
ከዚያ ጸጉር ቤት ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት
የስንቱን ሙሽራ ጉንጭ አለሰለስሁት።

መጀመሪያ አውራ ጣት ካመልካች ጋር ታሸ፣
ብር ሳይዝ ብር እንደሚቆጥር ሰው፤
ቀጥሎ መዳፌ፣ ከዚያ ክንዴ ሸሸ።
ደንበኛም አየና «ዛሬ ይቆየኝ» አለ፣
ከማዶው ልጅ እግር ወንበር ላይ ዋለ።
አልፈረድሁበትም።
ጉሮሮ አንድ ነው።

ሆስፒታል ወጣሁኝ። ፓርኪንሰን ነው አሉኝ፣
ስሙን ሦስት ጊዜ ከአፌ አስደገሙኝ።
ሲስተር እንጉዳይ ናት፣ «ጥናት አለ፣ ጋሼ፤
ለግማሹ መድኃኒት፣ ለግማሹ ባዶ፤
የማን የቱ እንደሆነ እኔም አላውቀው» ያለችኝ።
ፈረምሁ። ፊርማዬ ጠብቦ፣ ጠብቦ፣
መጨረሻው ላይ የጉንዳን ዱካ ሆነ።
እጅ ሰጠ ይባላል የተሸነፈ ሰው፤
እኔ የሰጠሁት የሚንቀጠቀጠውን ነው።

ነጭ ነው ክኒኑ፣ መሐሉ ስንጥቅ አለው።
ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።
በዘጠነኛው ቀን፣ አዘዞ በሚሄደው ታክሲ፣
ሳንቲም ቆጥሬ ለረዳቱ ሰጠሁ፤
አንዷም አልወደቀች።
ረዳቱ ምን ያውቃል? «ጠጋ በሉ» አለ እንጂ።
እኔ ግን መዳፌን እስከ ማራኪ ድረስ
እንደ ሰው ልጅ አየሁት።

ሳምንት ሳይሞላ አያ ቢተው መጣ፣
ባርኔጣውን ሰቅሎ፣ አገጩን አወጣ።
ላጨሁት። ጠብታ ደም አልነካም ፎጣው።

ሦስት ወር ሲሞላ ሐኪሙ ፖስታ ቀደደ።
«የእርስዎ ባዶው ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ፤
«ጭንቅላትዎ ራሱ ነው መድኃኒቱን የቀመመው።»
ቁልቁለቱን ስወርድ፣
እጄ ከእኔ ቀድሞ ሰምቶ ኖሯል፤
ኪሴ ውስጥ ብር ይቆጥራል።

ተናደድሁ። በሐኪሙ አይደለም።
ጓዳዬ ሙሉ ከሆነ፣ ቁልፉ ከእኔ ካለ፣
ስለምነው የነፈገኝን፣ ጌቶች፣
ለቁራጭ ስኳር ስለምን ከፈተ?
ሌሊት ተነሥቼ «በል እንግዲህ» አልሁት፤
እንደማያውቀኝ ሰው ዝም አለኝ።

ቅዳሜ አያ ቢተው ደግሞ መጣ።
ነገርሁት። ባዶ እንደነበር፣ ስኳር እንደነበር፣
ይኸው እጄም እንደተመለሰ።
ጥቂት አሰበ። ባርኔጣውን ሰቀለ።
«እኔ መቼ ክኒን ዋጥሁ?» ብሎ ተቀመጠ።

ግራ ጉንጩን ጨረስሁ።
ከከንፈሩ በታች ትንሽ ቆረጥሁት፤
የጋዜጣ ቁራጭ በምራቁ አርሶ ለጠፈበት፣
«ቀጥል» አለኝ።

አገጩን ቀና እንዳረገ ነው።
ዓይኑን ጨፍኗል።
ጉሮሮው ገና ነው።