የማን ትንፋሽ

ከበራችን በላይ፣ ባረጀው ጣውላ ላይ፣
«ኤሽሪሽና ልጆቹ» ይነበባል ለሚያይ።
እንግዳ ሲመጣ አጎቴ ይጀምራል፦
«ቅድመ አያታችን፣ ፎልክማር ይባላል፣
በቱሪንጊያ ደን ውስጥ ከባዶ ጀምሮ፣
በገዛ ሳንባው ነው የነፋን፣ ጥዱን መንጥሮ።»

ውሸት ነው አልልም። ድንጋዩን ደርድሯል፣
አሸዋና አመዱን በጀርባው አምጥቷል።
ሳንባው ግን የት አለ? ቢጫ ጢስ በሞላው
በፈረንሳይ ምሽግ ትቶት ነው የመጣው።
ደረጃ ለመውጣት ሦስቴ የሚያርፍ ሰው
ያን ረጅም ቧንቧ በምኑ ይንፋው?

ደንብ ነበር በመንደር፣ የትም ያልተጻፈ፣
ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ብቻ ያለፈ፦
ሴት ቀለም ትቀባለች፣ በጭድ ትጠቀልላለች፣
ቧንቧ የነካች ዕለት እሳት ታጠፋለች።

ኦቲሊ ነካችው።
በሌሊት ነው፣ መስኮቱን በጆንያ ጋርደው።
ልጆቹ፣ እነዚያ ሰሌዳ ላይ የተጻፉት፣
ከምድጃው ጀርባ ያንኮራፋሉ ሌሊት ሌሊት።
እሱ ተንበርክኮ ፍሙን ያሽከረክራል፣
«ቀስ... አሁን... በቃሽ» ይላል፤ ይስላል፣ ይስላል።
እሳቱ አልጠፋም።
የመጀመሪያው ፈነዳ። ሁለተኛው ዱባ መሰለ፤
ሦስተኛው ቆመ፣ ወደ ግራ ትንሽ እንዳዘነበለ።
አረንጓዴ ነበር፣ የጥድ ጥላ ቀለም፤
በዚያ አገር አሸዋ ሌላ መልክ አይገኝም።

ከላይፕዚግ የመጣ ነጋዴ አነሣው፣
ዞር ዞር አድርጎ ብርሃን አሳየው፤
«ጠማማነቱ ነው ጥበቡ» አለና
የፎልክማርን እጅ ጨበጠ እንደገና፤
«ምን ዓይነት ትንፋሽ ነው!»
እሷ በጓዳ
የተቃጠለ ከንፈሯን ስብ ትቀባለች፣ ውሃ ጥዳ።

እንዴት አወቅሽ ብትሉ፦ ከአይጥ በተረፈው
የዱቤ መዝገብ ላይ በእርሳስ ነው የጻፈችው፦
«ዱቄት፣ ሁለት ማርክ። ከሰል፣ ገና አልተከፈለም።
አሥራ አንድ ነፋሁ። ሁለት ተሰበረ። ፎልክማር ማታ አልሳለም።»

ሰሌዳውን አልቀየርኩም። አጎቴ ልቡን ያመዋል፣
ቀለምም ተወዷል።
ሦስተኛውን ግን ከመደርደሪያ አውርጄ
መስኮት ላይ አኖርኩት፤ አቧራውን የምጠርገው እኔው ነኝ፣ በእጄ።
አንገቱ ላይ አረፋ አለች፣ ምስር የምታህል፤
ባለሙያ ያያትና «እንከን» ብሎ ያልፋል።
እኔ ፀሐይ ስትገባባት ቆሜ አያታለሁ፦
መቶ ዓመት የታመቀች፣ ያልወጣች ትንፋሽ።
አንድ ቀን ዕቃው ከእጄ ቢያመልጥ፣ ቢሰበር፣
ማን ያውቃል፣
ስደነግጥ ወደ ውስጥ እስባት ይሆናል።