የጠጉር ሽቦ

ሙሄ ቁልፍ ቀራጭ ነው፣ ሰኞ ገበያ ዳር፤
ሲውል ከሞረድ ጋር፣ ከናስ ጋር ሲማከር፣
ማታ ቤት ሲገባ እጁ ብረት ብረት
ይሸታል፤ አንደበቱ ቁልፉ የጠፋበት።
«እራት ላቅርብ?» «እህ።»
«ደከመህ ወይ?» «እህ።»
በዚች ቃል ኖረናል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፤
የደሴ በሮች ግን ሲነካቸው ይከፈታሉ።

ያን ጊዜ ፊልሙ በአውቶብስ ጣሪያ፣
ከበርበሬ ጋራ፣ ከጨው ጆንያ፣
ዶሮ መዝለያን ወጥቶ ሐሙስ ይገባ ነበር፤
የቆርቆሮው አቧራ ሳይራገፍ ይታይ ጀመር።

ዋናው ሰው ሌባ ነው።
ጥቁር ኮት፣ ነጭ ጓንት፣ ጫማው የሚያበራ፣
በሰው ሰገነት ላይ እንደ ድመት ሲያመራ
ከደረት ኪሱ ላይ መሐረቡ እንኳን አይዛባ።
ዘበኛ ቢያገኘው፣ «ደክሞዎት ይሆናል» ብሎ አዝኖለት ገባ።
ቋንቋው አይገባንም፤ ሳቁ ግን ይገባል፤
ከፊት ወንበር ያለ ከኋላ ያለውን ያስቃል።
ከዚያች ባለጸጋ ጋር እየደነሰ
ሐብሏን ሲፈታ፣ ጣቱ አንገቷን ዳሰሰ፤
ሳታውቅ ነው እንላለን።
ታውቃለች! ታውቃለች!
አንገቷን ዘንበል አርጋ ራሷ ትሰጣለች።

እነማን ናቸው ግን የሚያጨበጭቡት?
ሐጂ እንድሪስ ናቸው፣ ሱቃቸውን በሦስት ቁልፍ የሚከረችሙት።
ሃምሳ አለቃ አደፍርስ፣ ዕድሜውን ሲያስር ኖሮ፣
«በመስኮት! በመስኮት!» ይላል ከወንበሩ ተወርውሮ።
እነዚሁ ሰዎች ናቸው፣
ባለፈው ሰኞ ለት፣
ሁለት ክንድ አቡጀዲ ብብቱ ሥር ያገኙበትን ልጅ
በጃንጥላ እጀታ፣ በሚዛን ድንጋይ፣ ባገኙት የወገሩት።
ቧንቧ ውሃ ድረስ ደሙን እያዘራ ሮጠ።
ያ ልጅ ኮት አልነበረው፣ ጓንት አላጠለቀ፤
ይቅርታውም ካፉ ሳይወጣ አለቀ።
እኔም እዚያ ነበርኩ። ሽንኩርት እየመረጥኩ።
ቀና ብዬ አየሁና፣ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

እና ምኑን ወደድን? ስርቆቱን አይደለም፤
ወርቁንም አይደለም፣ ወርቅ እኛ ዘንድ የለም።
እኔ የምጠብቃት አንዲት ቦታ አለች፦
ካዝናው ሥር ተንበርክኮ፣ ጆሮውን ለጥፎ፣
ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ አርፎ፣
ያንን ዝጉን ብረት እንደዚያ ሲያዳምጥ፣
«ቀጭ» እስክትል ድረስ ምስጢሯን ስታምጥ።
ያኔ እኔ ወንበሬ ላይ፣ በጨለማው መሀል፣
እላለሁ በሆዴ፦ እኔን ማን ሰምቶኛል?

ሙሄ አንዴ ብቻ መጣ። ሲወጣ አኮረፈ፦
«ያ ካዝና በጆሮ አይከፈትም! ሰውየው ቀጠፈ።»
ለእሱ ይኸ ብዙ ወሬ ነው፤ ሳቄን ዋጥኩት።
ዝናብ ነበር። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ፣
መንገዱ ሁሉ ጭቃ፣ መብራቱም ድንግዝግዝ ሆኖ፣
ደጃችን ስንደርስ ኪሱን ዳበሰ። ደግሞ ዳበሰ።
የከተማው ቁልፍ ቀራጭ፣ በገዛ በሩ ላይ፣ ቁልፍ አጥቶ ተመለሰ።

ዞር ብሎ አየኝ።
ስንት ዓመት ሆኖታል እንዲህ ሳያየኝ!
እጁን ከሻሼ ሥር ቀስ አርጎ ሰደደ፤
የጠጉር ሽቦዬን ሳብ አርጎ ወሰደ።
አንድ ጉንጉን ትከሻዬ ላይ ወረደ።
ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።
«ዝም በይ» አለኝ።
ዝም አልኩ። ዝናቡም ዝም ያለ መሰለኝ።

ቀጭ።

ሽቦዋን አልመለሰም። እኔም አልጠየቅኩትም።
ለዒድ ኮቱን ሳጥብ፣ ከደረት ኪሱ ውስጥ፣
መሐረብ ተጠቅልላ አገኘኋት።
እንደዚያች ሴትዮ አንገቴን ዘንበል አርጌ፣
መልሼ ከተትኳት፣ ያንኑ ኪስ ፈልጌ።

«ሌባ» አልኩ ቀስ ብዬ።
ከጓዳ ውስጥ ሆኖ፣
«እህ?» አለኝ።